ከቴፒ የመጣው ናሙና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ገበያ ላይ የማገኛቸው ሰዎች «ቆይ፣ አንቺ ሆስፒታል ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር?» ይሉኛል። ዘመኔን ሙሉ በነጭ ጋዋን ሲያዩኝ ስለኖሩ ነርስ የምመስላቸው ብዙ ናቸው። «ሥጋ እቆርጥ ነበር» ስላቸው ይስቃሉ። እውነቴን ግን ነው። ከታማሚ ሰውነት ላይ የተወሰደች፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሥጋ ትመጣልኛለች። ውሃዋን አውጥቼ፣ ሰም ውስጥ ቀብሬ፣ ብርሃን እስኪያልፍባት አሳስቼ ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ ለሐኪም አቀርባለሁ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያይና ካንሰር ነው ወይም አይደለም ይላል። እኔ የማቀርበው ከተበላሸ እሱም የሚያየው ነገር የለም።

ስሜ ታደለች ነው። የተወለድኩት ሸዋ ቤንች ነው። ላቦራቶሪ ተምሬ ስጨርስ መጀመሪያ የተመደብኩት ማሻ ሲሆን፣ ሥራዬም የወባ ደም ማየት ነበር። ማይክሮስኮፑ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ የሚሠራ ነው፤ ማሻ ደግሞ ፀሐይ ቸግሯት የምትውል ከተማ ናት። ጭጋጉ እስኪገለጥ ድረስ በሽተኛውም እኔም መስኮት መስኮት ስናይ እናረፍዳለን። ከዚያ ቴፒ ተዛወርኩ። ቴፒ ሙቀቱም ወባውም ሌላ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ውጤት ዘገየ ብሎ በሩን የሚደበድብ ሰው ነበር፤ ቡና ለቃሚው መጥቶ በሽተኛ በሚበዛበት ወር ግን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ መስታወት ላይ ደም ይቀባል። ደሞዙ የታወቀ ስለሆነ አላወራውም። ሚዛን ሆስፒታል የመጣሁት ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ነው፤ እዚያው ቀረሁ።

የሥጋ ሥራ ያስተማሩኝ ዶክተር ገረመው ናቸው። ፓቶሎጂስት ነበሩ፤ ማለትም በሽተኛውን ሳይሆን ከበሽተኛው የተወሰደውን ሥጋ የሚመረምሩ ሐኪም። ሲመጡ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ዕድሜያቸውን ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ጨርሰው ነው የመጡት። የተሰጣቸው ክፍል ድሮ የአልጋ መጋዘን ነበር። ወለሉን ሲያስጠርጉ ቆዩና «ከእናንተ ውስጥ እጇ የማይንቀጠቀጥ ማን ናት?» አሉ። ጓደኞቼ ወደ እኔ አመለከቱ።

ሥጋ ያለበት ሰም በበረዶ ይቀዘቅዝና ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ ላይ ይታሰራል። እጀታውን ባዞርሽ ቁጥር ቢላዋው ከጸጉር የሳሳ ቁራጭ ይገፋል፤ ቁራጮቹ ተያይዘው እንደ ጥብጣብ ይወርዳሉ። ጥብጣቡን በብሩሽ ጫፍ አንስተሽ ለብ ያለ ውሃ ላይ ታንሳፍፊዋለሽ። ሽብሽቡ ሲዘረጋ ስላይድ የሚባለውን ቀጭን መስታወት ከሥር አስገብተሽ ትቀበይዋለሽ። ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ወራት ሙሉ ስቀድና ሳጥፍ ከረምኩ። ዶክተር ገረመው ትንፋሼን ይዤ ስቆርጥ አዩኝና ከኋላዬ ቆመው «ትንፋሽሽን አትያዢ» አሉኝ። «ስትይዢው ትከሻሽ ይጠነክራል፣ ትከሻሽ ሲጠነክር ቢላዋው ይዘላል። እየተነፈስሽ አዙሪው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደዴ ቀነሰ።

እሳቸው ማይክሮስኮፕ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት መነጽራቸውን በሳሙና ያጥባሉ። ስላይዱን መጀመሪያ ወደ መስኮት ከፍ አድርገው በባዶ ዓይናቸው ያዩታል። ቀጥሎ በትንሹ ማጉያ ብዙ ይቆያሉ። ለተለማማጅ ሐኪሞች «መጀመሪያ አገሩን እዩ፣ ከዚያ መንደሩን፣ ቤቱ መጨረሻ ላይ ይደረስበታል» ይሏቸዋል። ያላወቁትን ደግሞ ጮክ ብለው «አላውቅም» ይላሉ። እኔ ያን ቃል ከሐኪም አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ውጤት ላይ ከመፈረማቸው በፊት በሽተኛዋን በአካል ያያት ሐኪም ዘንድ ደውለው «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ትመስላለች?» ሳይሉ አይፈርሙም።

ከሚመጡልን ናሙናዎች ብዙዎቹ ከማህፀን በር የተወሰዱ ነበሩ። ከእነዚያ ሁሉ አንዷን ሳላነሳ በኋላ የመጣችውን የብርቱካንን ነገር ማውራት አልችልም። ዓለሚቱ ትባላለች፤ ቡና ለቀማ ከሩቅ አገር ቴፒ አካባቢ የመጣች ሴት ናት። ያለ ጊዜዋ ደም ሲያስቸግራት አንድ ገጠር ያለ ጤና ጣቢያ ሄደች። ያየቻት ነርስ ጎበዝ ነበረች፤ ነገሩ ስላላማራት ሥጋ ቆርጣ ወሰደች። ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ግን አልቆባቸው ነበር። ያላትን የጨው ውሃ ተጠቀመች። ዝናቡ መንገድ ዘግቶ ስለነበር ናሙናው ቀናት ቆይቶ ደረሰን። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ነገረኝ። እንደዚያም ሆኖ ሠራሁት። ዶክተር ገረመው አይተው አይተው ቀና አሉና «ሴሎቹ ሟሙተዋል፤ ጥላቸው ብቻ ነው የቀረው። ሌላ ይላኩልን» አሉ።

ጤና ጣቢያው ሲፈልጋት ለቀማው አልቆ ሄዳለች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም። ዓመት ካለፈ በኋላ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታላችን ድረስ አመጧት። በዚያን ጊዜ ናሙናው ደህና ነበር፤ ሥጋውም ሞልቶ ተርፎ ነበር። ካንሰሩ ግን የማይነካ ቦታ ላይ ደርሷል። ያን ሰሞን አዲስ የመጣችው የማህፀን ሐኪም ዶክተር ሕይወት አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥ ነበር፤ ከሕመም ማስታገሻ በቀር የምታዝላት ነገር አልነበራትም። ዓለሚቱ ስትሞት ዶክተር ሕይወት ላቦራቶሪ ገብታ ቆመች። ማንንም አልወቀሰችም። «ከእንግዲህ እዚህ ግቢ የገባች ሴት ሳትታከም አትወጣም» አለችና ሄደች። ዶክተር ገረመው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ፎርማሊን የተሞሉ ጠርሙሶች በካርቶን አስጭነው በየጤና ጣቢያው ዞሩ።

ብርቱካን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ቴፒ የቡና ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። ባሏ ማቴዎስ ባጃጅ ይነዳል። ከተጋቡ ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልወለዱም። ለዚያ ጉዳይ ስትመረመር ነው የማህፀን በሯ ላይ ቁስል የታየው። ዶክተር ሕይወት ራሷ አየቻት፤ የታመመን ቦታ የሚያነጣውን ኮምጣጤ ስትቀባው ቦታው ነጭ ሆነ፣ ሲነኩትም ደማ። ትንሽ ሥጋ ወስዳ ላከችልኝና በማግስቱ በሩ ላይ ቆማ «እንዴት ሆነ?» አለች።

ሥጋው ትንሽ ብቻ ሳይሆን ተቆራርጦ ነበር የመጣው። የተለመደውን ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ነክሬ አቀረብኩ። ዶክተር ገረመው ስላይዱን አንስተው ወደ መስኮቱ አዩት፤ ከዚያ ተቀመጡ። ቆይተው ተነሡና መነጽራቸውን እንደገና አጠቡ። ይህን ሲያደርጉ ነገሩ እንዳስቸገራቸው አውቃለሁ።

«ሴሎቹ ክፉ ይመስላሉ» አሏት። «ቁስል የተቆጣበት ቦታ ላይ ግን ጤነኛ ሴልም ክፉ ሊመስል ይችላል። ደግሞ ሥጋው ጋደል ብሎ ስለተቆረጠ ካንሰር ሲሆን አልፎት ወደ ውስጥ የሚገባውን የታችኛውን መስመር እዚህ ላይ አላየሁትም። አላውቅም፣ ሕይወት።»

«እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ዶክተር። ካንሰር ነው የሚመስለው። ለሐሙስ ማህፀኗን ለማውጣት ይዣታለሁ።»

«ካንሰር ከሆነ ትክክል ነሽ። ካልሆነስ? ልጅ ያልወለደች ሴት ናት።»

«ከዚህ በር ከወጣች አትመለስም። ዓለሚቱን ረሷት?»

ዶክተር ገረመው ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሱ። እኔም ሰም መቁረጫውን መወልወል ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ጠብታ መድኃኒት ማውራት አለብኝ። መድኃኒት እላለሁ እንጂ የሚያድን ነገር አይደለም፤ የሚያሳይ ነገር ነው። ዶክተር ገረመው አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ሲመለሱ የድሮ ጓደኛቸው የሰጣቸውን ጣት የማትሞላ ብልቃጥ በረዶ ውስጥ ከትተው አምጥተው ነበር። ያኔ አስቀምጠው ያስረዱኝ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ዘረ መል በሁሉም ሴል ውስጥ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ የጣት ሴልም የማህፀን ሴልም አንድ ዓይነት ዘረ መል ተሸክሟል። ልዩነቱ የትኛው ዘረ መል እየሠራ ነው፣ የትኛው ዝም ብሏል የሚለው ነው። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ብዙ ሴቶችን ይይዛል፤ አብዛኛዎቹን ሳያውቁት ይለቃቸዋል። አንዳንዷ ላይ ግን ይቀመጥና የራሱን ሁለት ዘረ መሎች ያለ ልክ ማሠራት ይጀምራል። ከእነሱ የሚወጡት ፕሮቲኖች ሴሉ አለመጠን እንዳይራባ የሚይዙትን ጠባቂዎች ያጠፋሉ። ሴሉም መሮጡ ሲሰማው ራሱን ለማቆም ሲል አንዱን የራሱን ዘረ መል አለቅጥ ያሠራዋል። ከዚያ ዘረ መል የሚወጣው ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ይከማቻል፤ ማቆም ግን አይችልም። የእኛ ጠብታ የሚይዘው ያን ክምችት ነው። ካለ ሴሎቹ ቡና ዓይነት ቀለም ይይዛሉ፤ ከሌለ ነጣ ብለው ይቀራሉ።

«እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ምን ያህል ቀርቷል?» አሉኝ ዶክተር ገረመው።

ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። «ሁለት ጊዜ ለመሞከር ቢበቃ ነው» አልኳቸው።

«ሰሙ ውስጥስ ሥጋ አለ?»

«ትንሽ። ከተሳሳትኩ ያልቃል።»

ብርቱካንንና ማቴዎስን ያስጠሯቸው ያኔ ነው። ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ብርቱካን ቀጠን ያለች ናት፤ ጥፍሮቿ ውስጥ የችግኝ ጣቢያው ጥቁር አፈር ነበር። ዶክተር ሕይወት ሐሳቧን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ዶክተር ገረመውም የእሳቸውን ነገሩ፤ ጥቂት ቀን ብንጠብቅ የቀለሙ ውጤት ሊረዳን ይችላል፣ ላይረዳንም ይችላል አሉ።

ማቴዎስ ነገሩ አልገባውም። «ዘረ መል ምንድን ነው? ከወላጅ የሚወረሰው አይደል እንዴ? የእሷ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽታ የለም።»

«ከወላጅ የመጣ ነው አላልኩም» አሉት። «አንተ ባጃጅ ትነዳለህ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቢበጠስ ምን ታደርጋለህ?»

«ፔዳሉን እረግጣለሁ።»

«ካልያዘልህስ?»

«ደጋግሜ እረግጣለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ፍሬኑን የሚበጥሰው ቫይረሱ ነው። ሴሉም እንዳንተ ደጋግሞ ይረግጣል። እኛ ማየት የምንፈልገው ያ እግር እየረገጠ መሆን አለመሆኑን ነው። እየረገጠ ከሆነ ፍሬኑ ተበጥሷል ማለት ነው።»

ማቴዎስ ከአግዳሚው ተነሣ። ከዚያ ዞር ብሎ ለዶክተር ሕይወት «ዶክተር፣ አውጪላት። እኔ ልጅ አልፈልግም። እሷ ትትረፍልኝ» አላት።

«አንተ አትፈልግም» አለችው ብርቱካን በቀስታ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ከዚያ ወደ ሐኪሞቹ ዞራ «እጠብቃለሁ። ሸዋ ቤንች አክስት አለችኝ፤ እዚያ እቀመጣለሁ፤ ቴፒ አልመለስም። ስትጠሩኝ እመጣለሁ» አለች።

ዶክተር ሕይወት የስልክ ቁጥሯን ጻፈች። «ስልክሽን እንዳታጠፊ» ብቻ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሰሙን በረዶ ላይ አስተኝቼ ጀመርኩ። እየተነፈስኩ አዞርኩት። የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ደህና ወረዱ። የታችኛው መስመር እንዲታይ ሰሙን አዟዙሬ አስተካክዬ ስለነበር ሥጋው በዚያ በኩል ሰፋ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ የወረደው ግን መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። እጀታውን አቁሜ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለጠብታው የሚሆኑ፣ እንዲሁም ለተለመደው ቀለም ከሥጋው ጥልቅ ክፍል የሚቀመጡ ቁራጮች አገኘሁ። ሰሙ ውስጥ የቀረው ከአንድ ክር አይበልጥም ነበር።

የዚያ ጠብታ ሥራ አንድ ደንብ አለው። ቀለሙ መሥራቱን የምታውቂበት፣ ቀድሞ የተረጋገጠ የታመመ ሥጋ እዚያው ስላይድ ጫፍ ላይ አብሮ ይቀመጣል። እሱ ቡና ካልመሰለ የሌላው ውጤት አይታመንም። እኛ ጋ ሞልቶ የተረፈው የዓለሚቱ ሥጋ ነበር። ብርቱካን የማታውቃት ሴት ከጎኗ ተቀመጠች ማለት ነው።

ስላይዶቹ ጠብታው ከመደረጉ በፊት መፈላት አለባቸው፤ ካልፈሉ ፎርማሊኑ የቆለፈውን አይለቅም። የምናፈላው በወጥ ቤት ፕሬሸር ኩከር ነው፤ ከቤቴ ያመጣሁት። ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጣድኩት፤ ማፏጨት እንደጀመረ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ለቀዶ ጥገና ክፍል ብቻ ነው። መብራቱ ቶሎ ተመልሶ ስለመጣ ደረሰልኝ ብዬ ቀጠልኩ። ሁሉን ጨርሼ ስላይዶቹን ሳያቸው የዓለሚቱ ሥጋ ነጭ ነበር። የብርቱካንም ነጭ። ዶክተር ገረመው በማይክሮስኮፑ አይተው ቀና አሉ።

«ይህ ምንም አይነግረንም። አልበሰለም።»

ብልቃጡን አንስቼ አሳየኋቸው። የቀረው አንድ ጊዜ ነው።

ዶክተር ሕይወት ሰማች። በሩን ከፍታ ገባች፤ ፊቷ ጠቁሯል። «እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? በየቀኑ ዛሬ ትጠፋብኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«እኔም» አሏት ዶክተር ገረመው። «አንድ ቀን ስጪኝ።»

በማግስቱ መብራቱን አላመንነውም። ማቴዎስ ጠዋት ጠዋት ውጤት ሊጠይቅ እየመጣ በር ላይ ይቀመጥ ነበርና ከሰልና ምድጃ እንደምፈልግ ነገርኩት። ምክንያቱን አልጠየቀም። በሩ አጠገብ ሻይ ከምትሸጠው ሴት እሳቱ የተያያዘ ምድጃ ተሸክሞ መጣ። ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር ጣድነው። ፕሬሸር ኩከሩ ሲያፏጭ ማቴዎስ ቁጢጥ ብሎ ከሰሉን በካርቶን እያራገበ «ሚስቴ ነች ውስጡ ያለችው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከምድጃው ላይ አላነሳም።

ስላይዶቹን አቀዝቅዘን አጠብናቸው፤ የመጨረሻውን ጠብታ ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ጠራርጌ አደረግሁ። መጨረሻው ቀለም ሲፈስበት በዓይን ይታያል። የዓለሚቱ ሥጋ ቀስ በቀስ ቡና መሰለ። ቀለሙ ሠርቷል። ከዚያ ዓይኔን ወደ ብርቱካን አዞርኩ። ጠርዟ ላይ ቡናማ መስመር እየወጣ ነበር። ምንም ሳልናገር ለዶክተር ገረመው ሰጠሁ።

ወደ መስኮቱ ሳያነሱት ቀጥታ ተቀመጡ። ዶክተር ሕይወት ከኋላቸው ቆመች።

«አለ» አሉ። «ከሥር እስከ ላይ፣ ሳይቋረጥ። የቁስል መቆጣት ብቻ አይደለም፤ በሽታው አለ። አንቺ ልክ ነበርሽ።»

ዶክተር ሕይወት ደስ አላላትም። ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እሳቸው ግን ከጥልቁ የቆረጥኳቸውን ሌሎቹን ስላይዶች ጠየቁና በትንሹ ማጉያ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው «ነይ እዪ፤ የታችኛው መስመር እዚህ ጋ አለ፤ እዚህም አለ። አላለፈውም። ባየሁት ሁሉ ቅድመ ካንሰር ነው እንጂ ካንሰር አይደለም» አሏት።

«ባዩት ሁሉ ማለት ሁሉንም አይተዋል ማለት አይደለም።»

«አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም አሳዪኝ። የታመመውን ክፍል ብቻ በመቁረጫው የሽቦ ቀለበት ዙሪያውን ቆርጠሽ ላኪልኝ። ታደለች ሁሉንም ትቆርጠዋለች፣ እኔ ሁሉንም አያለሁ። መስመሩን አልፎ ካገኘሁት ማህፀኗን ታወጫለሽ፤ እኔም እፈርማለሁ።»

ዶክተር ሕይወት ስላይዱን ደግማ አየችው። ከዚያ «እሺ» አለች። ለብርቱካን የነገረቻት ራሷ ናት፤ ሰዓት ወስዳ፣ ክፉውንም ደጉንም አንድም ሳትሸፍን። ብርቱካን ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሕመሙ ብዙ ነው?»

ዙሪያውን የተቆረጠው ሥጋ ሲመጣልኝ ጠርዞቹን የተለያየ ቀለም ቀባኋቸው፤ የትኛው በየት በኩል እንደነበር እንዳይጠፋ ነው። ከዚያ ቆራርጬ፣ ሰም ውስጥ ቀብሬ፣ አንድም ሳላስቀር ቆረጥኩ። ዶክተር ገረመው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። መስመሩ የትም ቦታ አልታለፈም። በአንድ በኩል ግን የታመሙት ሴሎች እስከ ጠርዙ ደርሰዋል፤ ከጠርዙ ወዲያ ሰውነቷ ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ እንድትታይ ተነገራት። እመጣለሁ አለች።

ዶክተር ገረመው የሄዱት በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው። ዓይናቸው ደከመ። የመጨረሻው ቀን ማይክሮስኮፑን ራሳቸው ሸፈኑና «የማታውቂውን አላውቅም በይ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው» አሉኝ። ሌላ ንግግር አላደረጉም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ፤ ብርቱካን አልመጣችም። ክረምት ነበር። መንገዱ ይሆናል አልን። ሳምንት አለፈ። ስልኳ አይሠራም፤ የማቴዎስም ይጠራል፣ አይነሳም። ዶክተር ሕይወት በየጠዋቱ ላቦራቶሪው በር ላይ ብቅ ትልና ፊቴን አይታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ግን አልተመለሰችም። «አልኩሽ እኮ» አለች። «ማውጣት ነበረብኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቴፒ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ጭቃ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። በመንገዱ ሁሉ የማስበው ዓለሚቱን ነበር፤ ያን ጊዜ እሷንም ፈልገን ብናገኛት ኖሮ እያልኩ። ችግኝ ጣቢያው ስደርስ ሴቶች ዳሱ ሥር ተደርድረው አፈር በፕላስቲክ ይሞላሉ። ብርቱካን መጨረሻው ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሳችም።

«እትዬ ታዱ፣ እንዴት መጣሽ?»

«አንቺ ስላልመጣሽ።»

እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ሆዷ ገና ጎልቶ አይታይም፤ ግን አርግዛለች።

«ብመጣ ትነኩታላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። «ስልኩን ማቴዎስ አያንሳው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እንሂድ ነው የሚለው። ዶክተሯ ካየችው አውጪው ትላለች ብዬ ነው።»

ምን እንደምላት አላወቅሁም። አላውቅም ማለት ተምሬያለሁና እንደዚያው አልኳት። «ምን እንደምትልሽ አላውቅም፣ ብርቱካን። የቀረ በሽታ ይኑር አይኑርም አላውቅም። ካልታየሽ ግን ማናችንም አናውቅም። ሐኪሟ ሳትጠይቅሽ ምንም አታደርግም፤ ያኔም ጠይቃሽ ነው የጠበቀችሽ።»

ሴቶቹ እጃቸው እየሠራ ዓይናቸው እኛ ጋ ነበር። በመጨረሻ «አንቺ አብረሽኝ ትገቢያለሽ?» አለች።

«እገባለሁ።»

ሰኞ ማቴዎስ አምጥቷት ገባች። እጇን ይዤ ቆምኩ። ዶክተር ሕይወት ሆዷን ስታይ አንዳች የቁጣ ቃል ሳይወጣት ጓንቷን አደረገች። ኮምጣጤውን ቀባችና ጠበቀች። ያቺ ጥበቃ ከስላይዶቹ ሁሉ ረዘመችብኝ። ብርቱካን ጣሪያውን እያየች የእኔን ጣቶች ጨምቃ ይዛለች።

«አልነጣም» አለች ዶክተር ሕይወት። ደግማ አየች። «የሚያስፈራኝ ነገር አይታየኝም። ከወለድሽ በኋላ ናሙና እወስዳለሁ። እስከዚያ ግን በየጊዜው ትመጪያለሽ። የማህፀን በርሽ ስለተቆረጠ አጥሯል፤ ልጁ ሊቸኩል ይችላል።»

እንዳለችውም ቸኮለ፤ ወይም ቸኮለች። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ መጣባት፤ ማቴዎስ በሰው መኪና ከቴፒ ሚዛን ድረስ አመጣት። ልጅቷ ትንሽ ነበረች፣ አልቅሳም የምትሰማ አልነበረችም። ለብዙ ቀን እናቷ ደረት ላይ በነጠላ ታስራ ከረመች። ጡት መሳብ ስትጀምር የነገረችኝ ዶክተር ሕይወት ነች። ላቦራቶሪ ድረስ መጥታ ነው የነገረችኝ።

ከወለደች በኋላ የተወሰደው ናሙና እኔ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ደረሰ። በዶክተር ገረመው ቦታ የተተካው ወጣት ፓቶሎጂስት ነው። እሱም ልማዱ ሆኖ በትንሹ ማጉያ ይጀምራል፤ ማን እንዳስተማረው ባላውቅም። ጤነኛ ነው አለ። ቢሆንም ወደ ዶክተር ሕይወት ደውሎ ከጠየቃት በኋላ ነው የፈረመው።

ብርቱካን ውጤቷን ልትሰማ ስትመጣ ልጇን አዝላ ነበር። አብረዋት ከችግኝ ጣቢያው ሌሎች ሴቶች መጥተዋል፤ ያን ቀን ዳሱ ሥር ዓይናቸውን የጣሉብን እነሱ ናቸው። እንመርመር ብለው ነው። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዷ ስትፈራ ሌላዋ ትጎሽማታለች። ብርቱካን እኔ ጋ መጣች። ጤነኛ ነሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አልተገረመችም፣ አላለቀሰችም።

«ተመልሶ ቢጀምርስ?»

«ለዚያ ነው በየጊዜው የምትታዪው።»

ልጅቷን ከጀርባዋ አወረደችና እቅፏ ውስጥ አስተካከለቻት። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ የላቦራቶሪውን መስኮት ታያለች።

«ለዚህ በሽታ ለሴት ልጆች ክትባት አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ትምህርት ቤት ድረስ እየመጡ ይሰጣሉ።»

«የእሷ መቼ ነው?»

«ገና ናት እኮ፣ ብርቱካን። ጡትም አልጣለችም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «መቼ እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔ እቆጥራለሁ።»